ወንበሩ የማን ነው? የጁሊያን ቦንድ የምርጫ ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የኖርን ሰዎች ተሰብስበን ፖለቲካ ስናወራ የፕሬዚዳንቱ ስም ከሁላችንም አፍ አይጠፋም። ከሴናተሮቹም ሁለት ሦስቱን እንጠራለን። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት በጀት፣ የመንጃ ፈቃዱን ደንብ፣ የተከራይና የአከራይን ሕግ በአብዛኛው የሚወስነው ግን የምንኖርበት ስቴት ምክር ቤት ነው። እዚያ የሚወክላችሁ ማን ነው ብንባል ብዙዎቻችን አንገታችንን እናቀረቅራለን። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ፤ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከታች የተደረደሩትን ስሞች ሳላነብ አልፋቸው ነበር። ይህን ልማዴን ያስተወኝ የአንድ የስቴት እንደራሴ ታሪክ ነው።

ጥያቄውን እንዲህ ላቅርበው። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ስንት ጊዜ መመረጥ አለበት? መልሱ አንድ ጊዜ ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ጁሊያን ቦንድ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1965 እስከ ኅዳር 1966 ባሉት አሥራ ሰባት ወራት ውስጥ በጆርጂያ ስቴት ሦስት ጊዜ ተመርጦ አንድም ቀን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከለከለው ሌባ ወይም ወንጀለኛ ሆኖ አይደለም። በአንድ ጦርነት ላይ ያለውን አስተያየት በስልክ ተጠይቆ በመመለሱ ነው።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ ያ ወንበር ከየት እንደመጣ ማየት ይኖርብናል። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የታችኛው ምክር ቤት 205 ወንበሮች የሚከፋፈሉት በሰው ቁጥር አልነበረም። ስምንቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ሦስት ሦስት፣ ቀጥለው ያሉት ሠላሳዎቹ ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 121 ደግሞ አንድ አንድ እንደራሴ ይልኩ ነበር። የአትላንታ ከተማ አብዛኛው ክፍል ያለበት ፉልተን ካውንቲ በ1960 ቆጠራ ከ556 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ሦስት እንደራሴ። ኤኮልስ የሚባለው የገጠር ካውንቲ 1,876 ሰው ብቻ ነበረው፤ አንድ እንደራሴ። ገዥውንና ሌሎቹን የስቴቱን ባለ ሥልጣናት ለማጨት በሚደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫም ድምፅ የሚቆጠረው በዚሁ የካውንቲ ነጥብ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 1963 ሲወሰን ዳኞቹ ስሌቱን በግልጽ አስቀመጡት፤ የአንድ ኤኮልስ ነዋሪ ድምፅ የ99 የፉልተን ነዋሪዎችን ድምፅ ያህል ይመዝን ነበር። ልብ በሉ፤ ጥቁሩ መራጭ ደግሞ በብዛት ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ሰውን ከምርጫ ጣቢያ በዱላ ማባረር ሳያስፈልግ ድምፁን በሒሳብ ማሳነስ ይቻላል ማለት ነው።

ፍርድ ቤቶቹ «ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚለውን መርህ ካጸኑ በኋላ ጆርጂያ የምክር ቤቱን ወንበሮች እንደ ሕዝቡ ቁጥር እንድትሸነሽን ተገደደች። በዚህም የተነሳ ለአትላንታ አዳዲስ የምርጫ ወረዳዎች ተከፈቱ፤ በሰኔ 1965ም ልዩ ምርጫ ተደረገ። ከአዲሶቹ ወረዳዎች አንዱ ቁጥር 136 ነው። ወደ 6,500 ከሚጠጉት መራጮቹ 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ።

ጁሊያን ቦንድ በዚያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነው። ጥር 14 ቀን 1940 በናሽቪል ቴነሲ ተወለደ። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ በፔንሲልቬንያ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት የነበሩ የታወቁ ምሁር ናቸው። ልጁ ግን በ1961 የሞርሃውስ ኮሌጅ ትምህርቱን አቋርጦ «ስኒክ» እየተባለ በሚጠራው የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ። (ዲግሪውን ተመልሶ የወሰደው በ1971 ነው። ልጆቻችን ትምህርት ሲያቋርጡ የሰማይ ምሰሶ የወደቀ ለሚመስለን ወላጆች ይህ ትንሽ ማጽናኛ ይሆናል።) ስኒኮች ምርጫ መወዳደር ይገባል አይገባም በሚለው ላይ እርስ በርስ ተከራክረዋል፤ የዴሞክራቲክ ፓርቲ በደቡብ የዘረኞች ፓርቲ ሆኖ ሳለ በእሱ ስም እንዴት እንወዳደራለን የሚሉ ነበሩ። ቦንድ ተወዳደረ። በየደጁ እየዞረ ሰዉ የሚፈልገውን ጠየቀ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር ይሁን፣ የሞት ቅጣት ይቅር የሚሉ ጥያቄዎችን ይዞ ቀረበ። ተፎካካሪው የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የወንድ ተማሪዎች ዲን የነበሩ፣ እንደሱው ጥቁር ሰው ናቸው። ውጤቱ 2,320 ለ487 ሆነ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የደስታ ነው። ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጥር 1966 ነበር። ከመክፈቻው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥር 3 ቀን፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለች ከተማ ሳሙኤል ያንግ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ በነዳጅ ማደያ የነጮች መጸዳጃ ቤት ልጠቀም በማለቱ በጥይት ተገደለ። ያንግ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ያገለገለ ወጣት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ስኒክ መግለጫ አወጣ። መግለጫው የያንግን ግድያ በቬትናም ከሚገደሉት ሰዎች ጋር አያይዞ፣ በአገር ውስጥ የራሱን ዜጎች መብት የማያስከብር መንግሥት ለቬትናሞች ነጻነት ነው የምዋጋው ቢል አያሳምንም አለ። ለውትድርና ተጠርተው አንሄድም ለሚሉትም ድጋፉን ገለጸ። በጊዜው የድርጅቱ ሊቀ መንበር ጆን ሉዊስ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቦንድ መግለጫውን አልጻፈም። አንድ ጋዜጠኛ ስልክ ደውሎ ትስማማበታለህ ወይ አለው፤ እሱም አዎ፣ እስማማለሁ አለ። በቃ። ነገሩ ይኸው ነው።

ለጆርጂያ ምክር ቤት ነጭ አባላት ጥቁር ባልደረባ መምጣቱ ራሱ ከብዷቸው ሳለ ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባቸው። ሰባ አምስት አባላት ቦንድ ወንበሩን እንዳይይዝ አቤቱታ ፈረሙ። ጥር 10 ቀን ሌሎቹ ሁሉ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቦንድን አላስምልም አለው። የዚያኑ ዕለት ልዩ ኮሚቴ ተሰይሞ ጥያቄ ተጀመረ። የወታደር መመልመያ ካርዳቸውን የሚያቃጥሉትን ትደግፋለህ ወይ ተባለ። ቦንድ ሲመልስ የሚያስከትልባቸውን ቅጣት እያወቁ ለእምነታቸው የሚቆሙትን ድፍረታቸውን እንደሚያደንቅ፣ ነገር ግን ማንንም ሰው ካርድህን አቃጥል ብሎ እንደማያውቅ፣ የራሱም ካርድ ኪሱ ውስጥ እንዳለና ከፈለጉ አውጥቶ እንደሚያሳያቸው ነገራቸው። ለአሜሪካም ለጆርጂያም ሕገ መንግሥት ለመማል ዝግጁ እንደሆነ ገለጸ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ፣ ከኪሱ ባለ ካርድ ላይ የእሳት ሽታ ፈለጉበት። ኮሚቴው 23 ለ3 በሆነ ድምፅ እንዳይቀመጥ ወሰነ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ 184 ለ12 አጸደቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ቦንድን ያባረሩት 184 ሰዎች ነጥቀው የወሰዱት የእሱን ደመወዝ ወይም ክብር ብቻ ነው? እነዚያ 2,320 ሰዎች ምን ሆኑ? በዘመናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛኑ ተስተካክሎላቸው የመረጡት ሰው በር ላይ ሲመለስ ወረዳ 136 እንደ ገና እንደራሴ አልባ ሆነ። ከወረዳው ነዋሪዎች አንዱ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ኪንግ ወደ ስቴቱ ምክር ቤት ሕንጻ ሰላማዊ ሰልፍ መሩ፤ ቦንድ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠርትም አብረው ከሳሽ ሆነው ገቡ። ያቀረቡት አቤቱታ በወረዳው ነዋሪነታቸው ስለነበር የወንበሩን ባለቤት ጥያቄ ከማንም ይልቅ በትክክል ያስቀመጡት እሳቸው ይመስሉኛል።

ሦስት ዳኞች የተቀመጡበት የፌዴራል ፍርድ ቤት በየካቲት 1966 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ በቦንድ ላይ ፈረደ። ከሁለቱ ፈራጆች አንዱ ግሪፊን ቤል ይባላሉ፤ ኋላ በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ናቸው። ቦንድ ይግባኝ አለ። ይግባኙ በመጠባበቅ ላይ እያለ የጆርጂያ ገዥ ለተለቀቀው ወንበር ልዩ ምርጫ ጠሩ። ወንበሩ የተለቀቀው ቦንድ ስለተባረረ ነው፤ እሱን ለመተካት በተጠራው ምርጫ ላይ የቀረበው ደግሞ ራሱ ቦንድ ነው! የካቲት 23 ቀን በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። በግንቦት የምክር ቤቱ የደንብ ኮሚቴ ጠርቶ የተናገርከውን ሰርዝ አለው። አልሰርዝም አለ፤ አሁንም አትቀመጥም ተባለ። በመስከረም የፓርቲውን የውስጥ ምርጫ አሸነፈ፤ ኅዳር 8 ቀን አጠቃላዩን ምርጫ አሸነፈ። የወረዳው ሰው እያንዳንዱን ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ተሰልፎ፣ ያንኑ ስም መርጦ ይመለሳል። የሕግ መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በቦንድ ጀግንነት ያስታውሱታል፤ እኔ ግን ትዕግሥቱ የሚያስገርመኝ የመራጩ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ምንም የልዩነት ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የዳኞቹ አለቃ ኧርል ዋረን ናቸው። የጆርጂያ ጠበቆች ሁለት ነገር ይዘው ነበር የቀረቡት። አንደኛ፣ ምክር ቤት የራሱን አባላት ብቃት የሚመዝነው ራሱ ነው፤ ሁለተኛ፣ ተራ ዜጋ የፈለገውን ቢናገር መብቱ ነው፣ እንደራሴ ግን ከዜጋ የበለጠ ታማኝነት ይጠበቅበታል። ዋረን ሁለቱንም አልተቀበሉም። በሕግ የተጻፉትን የዕድሜና የነዋሪነት መመዘኛዎች ቦንድ እንደሚያሟላ ማንም አልካደም፤ ለመማልም ፈቃደኛ ነው፤ አብላጫው ወገን የሰው መሐላ ከልብ ነው አይደለም እያለ የሚመረምር ከሆነ የማይወደውን ሐሳብ ሁሉ በዚሁ ሰበብ ሊያፍን ይችላል። ስለ ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ክርክሩን ገለበጡት። እንደራሴ በአገር ፖሊሲ ላይ አቋሙን የመግለጽ ግዴታ ስላለበት የመናገር ነጻነቱ ሰፊ መሆን አለበት እንጂ ከዜጋው ሊጠብ አይችልም፤ አለዚያ መራጩ የሚወክለው ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ያውቃል?

ጉዳዩ በሕግ ታሪክ «ቦንድ እና ፍሎይድ» ተብሎ ይታወቃል። ፍሎይድ በተከሳሽነት ስማቸው የተጻፈው የምክር ቤት አባል ናቸው፤ በቅጽል ስማቸው «ዝርክርኩ» ይባሉ ነበር። ዛሬ ሰሜን ጆርጂያ ውስጥ ከነቅጽል ስማቸው የተሰየመላቸው መናፈሻ አለ። ለሽርሽር የሚሄደው ሰው ስማቸው በአገሪቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች በምን እንደሚነሳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የዚያ ሰሞን ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ የድል ብቻ አልነበረም፤ ይህንን ብዙ ጸሐፊዎች ይዘሉታል። በኅዳሩ የገዥነት ምርጫ ሪፐብሊካኑ ካላዌይ ከዴሞክራቱ ሌስተር ማዶክስ በሦስት ሺህ ያህል ድምፅ ቢበልጡም፣ ስማቸው በወረቀቱ ላይ ለሌለ ሦስተኛ ሰው የተጻፈ ድምፅ ስለነበር ከግማሽ በላይ ያገኘ አልተገኘም። ማዶክስ ጥቁሮች ምግብ ቤታቸው እንዳይገቡ የመጥረቢያ እጀታ በማሳየት ስም ያወጡ ሰው ናቸው። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት እንዲህ ሲሆን ምክር ቤቱ ይምረጥ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቦንድ በፈረደ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ይህ አሠራር ይቻላል አለ። ቦንድ ጥር 9 ቀን 1967 ማለና ወንበሩን ያዘ። በማግሥቱ ያው ምክር ቤት በ182 ለ66 ድምፅ ማዶክስን ገዥ አደረገ። የአንድ ወረዳ ሕዝብ ምርጫው ተመለሰለት፤ የስቴቱ ሕዝብ ምርጫ ግን በማግሥቱ በእንደራሴዎች እጅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የምክር ቤት ዘመኑ ረጅም ነው፤ እስከ 1975 በታችኛው ምክር ቤት፣ ከ1975 እስከ 1987 በስቴቱ ሴኔት አገልግሏል። በ1968 በቺካጎ የዴሞክራቶች ጉባኤ የማዶክስን ልዑካን ቡድን የሚቃወም ሌላ የጆርጂያ ቡድን መርቶ ሄዶ ግማሹን ድምፅ አስገኝቷል። እዚያው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠቆመ፤ ሕጉ 35 ዓመት ይጠይቃል፣ እሱ 28 ነበርና ይቅርታ ጠይቆ ራሱን አገለለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በመላ አገሪቱ ገነነ፤ በየዩኒቨርሲቲው ለንግግር ይጠራ ጀመር። እውነቱን ለመናገር በአትላንታው ወንበር ላይ ያለው ሥራ ከስሙ ጋር እኩል አላደገም። ሥራውን የሚነቅፉት ሰዎች ከወረዳው ይልቅ በአውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚገኘው ይሉ ነበር። ነቀፌታው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አልችልም።

በሴኔት ዘመኑ የሠራው ትልቁ ሥራ ከ1981 እስከ 1982 የተደረገው የኮንግረስ ወረዳዎች ድልድል ነው። ከ1980 ቆጠራ በኋላ ድንበሩ እንደ ገና ሲሰመር፣ አትላንታን የያዘው አምስተኛው የኮንግረስ ወረዳ 69 ከመቶ ጥቁር የሚኖርበት እንዲሆን ቦንድ ሐሳብ አቀረበ። የሚገርመው ከሪፐብሊካኖች ጋር ተባብሮ መሥራቱ ነው። እነሱ የደገፉት ለጥቁሩ አዝነው አይደለም፤ ጥቁር መራጮች በአንድ ወረዳ ሲሰበሰቡ የጎረቤት ወረዳዎች ለሪፐብሊካን እጩ ይመቻሉና ነው። ሴኔቱ ተቀበለው፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ወደ 57 ከመቶ አወረደው። ጉዳዩ በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ሲታይ የድልድል ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጥቁሮችን በምን ዓይነት ስድብ ይጠሩ እንደነበር በማስረጃነት ቀርቦ በፍርዱ ላይ ሰፈረ፤ ድልድሉም ሆን ተብሎ የተደረገ አድልዎ ነው ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ የጥቁር ነዋሪዎቹ ድርሻ 65 ከመቶ ሆነ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በዚያው ዓመት መራጩ ነጩን ዋይክ ፋውለርን መልሶ ላካቸው! ወረዳው ለጥቁር ተሠራ ማለት መራጩ የታዘዘውን ይመርጣል ማለት አይደለም።

በ1986 ፋውለር ለፌዴራል ሴኔት ለመወዳደር ወንበሩን ሲለቁ ቦንድ ተራው የደረሰ መሰለው። ብዙ ሰውም እንዲያ አስቦ ነበር፤ ገንዘቡም፣ የታዋቂ ሰዎች ድጋፍም፣ ስሙም ከእሱ ጋር ነበሩ። ተፎካካሪ ሆኖ የቀረበው ግን ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ጆን ሉዊስ ነው። ሉዊስ በአላባማ ሰልማ ድልድይ ላይ የራስ ቅሉ የተሰነጠቀ፣ በዚያን ጊዜ የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት አባል፣ የቦንድ የወጣትነት ጓደኛ ነው። በነሐሴው የመጀመሪያ ዙር ቦንድ 47 ከመቶ፣ ሉዊስ 35 ከመቶ አገኙ። ግማሽ ስላልሞላ ሁለተኛ ዙር ተጠራ።

ያ ሁለተኛ ዙር ወዳጅነትን የበላ ነበር። ሉዊስ ራሱን ወደብ ላይ መርከብ ከሚጎትት ትንሽ ጀልባ ጋር እያመሳሰለ፣ ቦንድን ለታይታ ብቻ ነው አለው። በክርክር መካከል የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አብረን እናድርግ ብሎ ፈተነው፤ ቦንድ እምቢ አለ። እንዲህ ያለው ፈተና በወዳጅ ላይ ባይደረግ ይሻል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። መስከረም 2 ቀን ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። ከጥቁሩ መራጭ አብዛኛው ለቦንድ ሲሰጥ፣ ነጩ መራጭ ግን በከፍተኛ ብልጫ ለሉዊስ ሰጠ። ቦንድ ታግሎ ባሰመረው ድንበር ውስጥ ቦንድን የጣለው እሱ ሊያሳንሰው የሞከረው የወረዳው ነጭ መራጭ ነው። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስከበረው ያው ሕግ ነበር የተፈጸመበት፤ ወንበሩን ማን እንደሠራው ሳይሆን ማን እንደመረጠ ነው የተጠየቀው። ቦንድ ፍርድ ቤት አልሄደም።

በ1987 መጀመሪያ ከሴኔት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ምርጫ አልቀረበም። የዜጎች መብት ትግሉን ታሪክ የሚያወሳውን «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት የተረከው ድምፅ የእሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከ1998 እስከ 2010 የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ። ሉዊስ ደግሞ ያንን ወንበር እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ሐምሌ 17 ቀን 2020 ይዞት ኖረ። ቦንድ ነሐሴ 15 ቀን 2015 በ75 ዓመቱ ባረፈ ጊዜ ሉዊስ ሐዘኑን ሲገልጽ የ1986ቱ ምርጫ አስቸጋሪ ጊዜ እንደነበረባቸው አልደበቀም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከቀድሞው የበለጠ እንደተቀራረቡ ጨምሮ ተናገረ።